የሰላም ቀን ቁጥር

በሳንጋ ሳንጋ ወንዝ ዳር፣ ከጀልባ ማሰሪያው አራት ቤት አለፍ ብሎ፣ በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመ ሰማያዊ ቤት ነበር። ዛሬም አለ፤ ቀለሙ ግን ለቋል። በዚያ ቤት ማስራኒ የሚባል የነዳጅ ጉድጓድ ሠራተኛ፣ ሚስቱ ሳኒያህና ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው አርሻድና ሂልማን ይኖሩ ነበር። የዓሣ ሾርባ በተሠራ ቀን ሆዱ የታላቁ የአርሻድ፣ ጭንቅላቱ የታናሹ የሂልማን ነው፤ የቀረው ለአባት ይወጣል። ለሳኒያህ የሚተርፋት መረቁ ብቻ ነበር። እሷም ጎምዛዛውን መረቅ እየማገች ሦስቱ ሲበሉ ስታይ የጠገበች ይመስላት ነበር። ደስታ ማለት ይኸው አልነበረምን? ያን ጊዜ ግን ደስታ መሆኑን ማን አወቀው!

ማስራኒ የተቆጣ ጉድጓድ በማስታገስ በአካባቢው ሁሉ ስሙ የተጠራ ሰው ነበር። እኛ የነዳጅ አገር ሰዎች ጉድጓድ እንደሚቆጣ ከሕፃንነታችን እናውቃለን። ከምድር በታች የታመቀው ጋዝ፣ ጉድጓዱ ውስጥ የተሞላውን ከባድ ጭቃ አሸንፎ ሽቅብ መምጣት ሲጀምር፣ አፉን በትልቁ መዝጊያ ይዘጉታል። መዝጋቱ ቀላሉ ነው። ከዚያ በኋላ ከበፊቱ የከበደ ጭቃ በፓምፕ ቀስ እያሉ ወደ ታች ይገፋሉ፤ አንድ ሰው ደግሞ በጎን ካለው ቫልቭ ላይ ቆሞ ጋዙን በጥቂት በጥቂቱ ያስወጣል። ቫልቩን አብዝቶ ከከፈተ ሌላ ጋዝ ይገባል፤ አብዝቶ ከዘጋ መሬቱ ከሥር ይሰነጠቃል። ይህ ሰው ዓይኑን ከግፊት መለኪያው፣ ከጌጁ፣ ሳይነቅል ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም ቀኑን ሙሉ ይቆማል። ማስራኒ ሠላሳ ዓመት እንዲህ ቆሟል። ለልጆቹ ሥራውን ሲያስተምራቸው ከሁሉ አብልጦ የደጋገመላቸው ቃል «ቀስ» የሚለውን ነው።

ጌጁን ለማንበብ ግን አስቀድሞ የታወቀ አንድ ቁጥር ያስፈልጋል። በየፈረቃው፣ ጉድጓዱ ሰላም ሳለ፣ ፓምፑን በዝግታ ያስነሱና ብቻውን ስንት ግፊት እንደሚያሳይ አይተው በወረቀት ይጽፋሉ። የሳንጋ ሳንጋ ሠራተኞች «የሰላም ቀን ቁጥር» ይሉታል። ጉድጓድ የተቆጣ ቀን ይህን ቁጥር የተዘጋው ጉድጓድ በሚያሳየው ግፊት ላይ ይደምሩታል፤ የቫልቩ ሰው ሥራ ጌጁን በዚያ ድምር ላይ ይዞ ማቆየት ነው። ቁጥሩን ለመውሰድ አስር ደቂቃ ይበቃል። አስር ደቂቃ! አንድ ሰው ጫማውን አውልቆ እግሩን የሚታጠብባት ጊዜ… ለዚያች ጊዜ አንድ ቤት ሙሉ ይፈርሳል ብሎ ማን ያስባል?

ያ ቀን ሐሙስ ነበር። የማስራኒ ፈረቃ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መካኒኮቹ የፓምፑን ሲሊንደር አውጥተው በሰፊ ቀየሩት። ሰፊ ሲሊንደር ብዙ ጭቃ ስለሚገፋ ቁጥሩም ከፍ ይላል፤ እንደገና መለካት አለበት። ማስራኒ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ሲቀይሩትም አጠገባቸው ቆሞ አይቷል። ነገር ግን አስራ አራት ቀን ያለ እረፍት ሠርቶ ጉልበቱ ዝሏል፣ ወገቡ አልታዘዝ ብሎታል። «ነገ እወስደዋለሁ» አለ በልቡ። አስራ አንድ ቀን ሙሉ ሲጽፍ የነበረውን ሃያ ስምንት በወረቀቱ ላይ ደግሞ ጻፈው፤ ፈረመና ወጣ።

በሩ ላይ ፈረቃ ሊረከቡ ከሚገቡት ልጆቹ ጋር ተገናኘ።

«አባ፣ ዓሣውን ብቻዎን እንዳይጨርሱት!» አለ አርሻድ እየሳቀ።

«ሆዱን ለድመቷ ነው የምሰጠው። ካንተ እሷ ትሻላለች፤ አይጥ እንኳን ትይዛለች።»

«ጭንቅላቱንስ?» አለ ሂልማን።

«ያንተን እናትህ አስቀምጣልሃለች፤ እኔን አትጠይቀኝ። ሂዱ፣ ሂዱ!»

ከአርሻድ ጋር የተነጋገረው የመጨረሻ ነገር ይኸው ስለ ድመት የተቀለደ ቀልድ ነው።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ጉድጓዱ ተቆጣ። ሠራተኞቹ አፉን ዘጉ። አርሻድ ከባዱን ጭቃ ለማዘጋጀት ወደ ገንዳው ሮጠ፤ ሂልማን ቫልቩን ያዘ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም የሰማነው እንዲህ ተብሎ ነው፦ ሂልማን ጌጁ ሽቅብ ሲወጣ አይቶ ፈራ፣ ቫልቩን አብዝቶ ከፈተ፣ የወጣው ጋዝ ገንዳው ላይ ተቀጣጠለ። ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስሕተት ነው፤ ስለዚህ ማንም አልተጠራጠረም። አርሻድን በብርድ ልብስ ጠቅልለው አመጡት። ሂልማንም ወንድሙን ከእሳቱ ሲጎትት ሁለት እጁ እስከ ክርኑ ተቃጥሎ ነበር።

በእኛ ዘንድ ሬሳውን ለመቀበል ወደ መቃብሩ የሚወርዱት የቅርብ ዘመድ የሆኑ ወንዶች ናቸው። ዓርብ ዕለት ሂልማን በፋሻ የተጠቀለሉ እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ሊወርድ ሲል ማስራኒ ደረቱን ገፍቶ መለሰው።

«ያ እጅ ልጄን አይነካም!»

«አባ…»

«ወንድምህን የገደለ እጅ አያወርደውም! ጥፋ ከፊቴ! ዓይንህን አልይ!»

ሳኒያህ ከሴቶቹ መሃል ወጥታ፣ ነጠላዋ ከራሷ ወርዶ፣ «የአርሻድ አባት!» ብላ ጮኸች። «አንዱን ቀበርን፤ ሌላውን በቁሙ ልትቀብርብኝ ነው?» ሰፈሩ በሙሉ ቆሞ ነበር፤ እኔም ቆሜ ነበር፤ አንዳችንም አልተነፈስንም። ዛሬ ሳስበው ያ ዝምታችን ያሳፍረኛል።

በሦስተኛው ቀን ማስራኒ ለንጋት ሶላት ጎንበስ እንዳለ ያ ቁጥር ትዝ አለው። ሃያ ስምንት። ሲሊንደሩ! ግንባሩን ከምንጣፉ ላይ ማንሳት አቃተው። ፀሐይ ስትወጣ ወደ ኩባንያው ቢሮ ሄደ፤ በሩ ላይ ግን ሂልማን ቀድሞት ቃሉን እንደ ሰጠ ነገሩት። «ፈርቼ ከፈትኩት። ወረቀቱ ተቃጥሏል» ብሎ ፈርሞ፣ ከሥራ ተሰናብቶ፣ በጀልባ ወደ ታች ሄዷል። ማስራኒ በሩ ላይ ቆመ… ቆመ… «ነገ እናገራለሁ» ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ያ ነገ ስድስት ዓመት ፈጀ። እንዴት ያለ ልብ ነው ይህን የሚችለው? ክፉ ሰው ነበር እንዳልል ክፉ አልነበረም። የደከመ ሰው ነበር፤ የደከመ ሰው ደግሞ ከባዱን ነገር ሁልጊዜ ለነገ ያሳድረዋል።

ሂልማን ወንዙ ባሕር በሚገባበት በፓንቱዋን መንደር የሽሪምፕ ማርቢያ ኩሬ ጠባቂ ሆነ። ስልክ በየእጃችን ያልገባበት ዘመን ነበር፤ ሳኒያህ በጀልባ ነጂዎች በኩል የደረቀ ዓሣ ትልክለታለች፣ እሱም በቅጠል የተጠቀለለ ሽሪምፕ ይልካል። ማስራኒ ሽሪምፑን ይበላል፤ ከየት መጣ ብሎ ግን ጠይቆ አያውቅም። የሂልማን ስም በቤቱ እንዳይነሳ ከልክሏል። ሚስቱ ልጁን እንደ ጠላው ይመስላት ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ስሙ በተጠራ ቁጥር ሃያ ስምንት እየታየው ነው።

ችግር ብቻውን አይመጣ ነገር፣ ሳኒያህን ስኳር ያዛት። መጀመሪያ የእግሯ ጣት ቆሰለ፣ ቀጥሎ እግሯ ከጉልበት በታች ተቆረጠ፤ በስድስተኛው ዓመት ደግሞ ዓይኖቿ ፈዘዙ። የሚያልፉትን ጀልባዎች በሞተራቸው ድምፅ ትለያቸው ጀመር። «ይሄ የፓንቱዋኑ ነው» ትላለች። «የአርሻድ አባት፣ ሂድና አምጣልኝ።» እሱም «ነገ» ይላታል። ዝናቡ ይቁም፣ ወገቤ ይሻለኝ፣ ጾሙ ይውጣ… ልጁን ለማምጣት እኮ መጀመሪያ እውነቱን መናገር አለበት!

በመጨረሻ ሐኪሙ «ቤቷ ትሁን» ብሎ መለሳት። የዚህ ቃል ትርጉም ለማንም አይጠፋም። ሳኒያህ የባሏን እጅ ዳብሳ ያዘች።

«ስንት ጊዜ ነገ አልከኝ?»

«ሳኒያህ…»

«አልቆጣህም። ለመቆጣት ጉልበት የለኝም። ግን እኔ ነገ የለኝም። ልጄን አምጣልኝ፤ ድምፁን ሰምቼ ልሂድ።»

ማስራኒ አለቀሰ። በማግስቱ በመጀመሪያው ጀልባ እንደሚሄድ ማለላት። ማግስቱ ረቡዕ ነበር። ጎረቤቷ እትዬ ጁምራህ ከሳኒያህ ጋር ልትውል በጠዋት መጣች። ማስራኒ ለብሶ፣ ቆቡን ደፍቶ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጫማውን አሠረ፣ ፈታ፣ መልሶ አሠረ። የመጀመሪያው ጀልባ ሞተሩን አስነስቶ ሲሄድ ሰማ። እሷም ሰማች። እሱ በሁለተኛው ሄደ። መዘግየቱ ሁለት ሰዓት ብቻ ነበር።

ፓንቱዋን ሲደርስ ሂልማን የኩሬውን የእንጨት በር በሁለት እጁ ይዞ ውኃውን ቀስ እያለ ሲያስወጣ አገኘው። እጆቹ የተጨማደዱና ያብለጨለጩ ነበሩ። ገና የሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው ሆኖ ጠጉሩ ሸብቷል።

«አባ?» አለ ሂልማን። ፊቱ አመድ መሰለ። «እማ ሞተች?»

«አልሞተችም። ትፈልግሃለች።»

«እርስዎስ?»

ማስራኒ ስድስት ዓመት ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፋበት። ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። «ቁጥሩ…» አለ። «የጻፍኩት ቁጥር ውሸት ነበር። ሲሊንደሩን ቀይረውታል። ቆሜ አይቻለሁ። ደክሞኝ ነበር…»

«አውቃለሁ አባ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እሳቱ እንደ ጠፋ መካኒኩን ጠየቅኩት።» ሂልማን የኩሬውን በር ዘጋና አጠገቡ መጥቶ ተቀመጠ። «ቫልቩን ስይዝ ጌጁ ሰማንያ አምስት ይላል። የእርስዎን ሃያ ስምንት በተዘጋው ጉድጓድ አርባ ላይ ስደምር ስልሳ ስምንት ይመጣል። የቱን ልመን? የእጅ ጽሑፍዎን አየሁት። ጌጅ ይሳሳታል፣ አባ አይሳሳቱም አልኩ። ስልሳ ስምንት እስኪሆን ከፈትኩት።»

«ፈርተህ አይደለም?»

«አይደለም። እርስዎን አምኜ ነው።»

ወይ መከራ! ምነው ፈርቶ በሆነ! ምነው ጀማሪ፣ ምነው ደንባራ በሆነ! ማስራኒ ጭቃ በነካው እጁ ፊቱን ሸፈነ። እንደ ሕፃን ልጅ ተንሰቀሰቀ።

«ለምን አልተናገርክም?» አለ። «ያን ቀን ስገፋህ… ለምን ዝም አልክ?»

«ለእማ ማን ሊቀርላት? አንዱ ልጇ መሬት ውስጥ፣ ባሏ እስር ቤት? እኔ ወጣት ነኝ፣ እችለዋለሁ ብዬ ነበር።» ሂልማን ውኃውን አየ። «አልቻልኩትም አባ። ደከመኝ።»

ያኔውኑ ጀልባ ላይ ወጡ። ግን ባሕሩ እንደ ዕለት ልማዱ መሸሽ ጀምሯል፤ ወንዙም አብሮት ጎድሏል። በወንዙ አፍ ያለውን ደለል ሳያልፉ ጀልባዋ ጭቃ ላይ ተቀመጠች።

«ምነው ቆምክ? ግፋዋ እንጂ!» አለ ማስራኒ።

«አጎቴ፣ ከወንዙ ጋር ልደባደብ ነው እንዴ?» አለ ጀልባ ነጂው። «ውኃው እስኪመለስ መጠበቅ ነው። ከሁለት ሰዓት በፊት ብትመጡ ኖሮ እኮ እየዘፈንን ነበር የምናልፈው።»

ሁለት ሰዓት! ማስራኒ የጫማውን ማሠሪያ አየና ዓይኑን ጨፈነ። ሂልማን ግን ሱሪውን ሰብስቦ ወረደ። ወገቡ ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ ያን የተቃጠለ እጁን ጀልባዋ ላይ አድርጎ ገፋ፤ «እማ፣ እማ» እያለ ገፋ። አንድ ክንድ ያህል እንኳን አልተንቀሳቀሰችም።

ሳንጋ ሳንጋ ሲደርሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። በሰማያዊው ቤት ደረጃ ሥር ብዙ ጫማ ተከምሯል። ሂልማን ጫማዎቹን ሲያይ እዚያው ከመሃላቸው ተንበረከከ።

እትዬ ጁምራህ ወጥታ ራሱን አቅፋ የሆነውን ነገረችው። ሳኒያህ ሾርባ እንድትሠራላት አዝዛ ቀኑን ሙሉ ጀልባ ስታዳምጥ ውላለች። ሞተር በተሰማ ቁጥር «እነሱ ናቸው?» ትላለች። ጁምራህም «አይደሉም፣ ይመጣሉ» ትላታለች። ከአሥር ሰዓት በኋላ ትንፋሿ እየራቀ ሲሄድ አንድ የከሰል ጀልባ አለፈ። «እነሱ ናቸው?» አለች።

«አቃተኝ ልጄ» አለች ጁምራህ እያለቀሰች። «አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አዎ፣ እነሱ ናቸው፤ ጀልባውን እያሠሩ ነው አልኳት። ፈገግ አለች። ‹ጭንቅላቱ የሂልማን ነው፤ አባቱ እንዳይበላበት› አለችኝና ሄደች። አስቀምጬልሃለሁ… ድስቱ ውስጥ አለ።»

በማግስቱ ቀበርናት። ከስድስት ዓመት በፊት አርሻድን ስንቀብር የነበርነው ሰዎች፣ ያረጀው አርጅቶ፣ በዚያው መቃብር ስፍራ ቆምን። ሂልማን ከሰው ሁሉ ኋላ፣ ከዛፎቹ ሥር፣ እጆቹን ሸሚዙ ውስጥ ደብቆ ቆሟል። ኢማሙ «ስለዚህች ሴት ምን ትመሰክራላችሁ?» አለ። «ደግ ነበረች» አልን ሁላችን። ከዚያ እንደ ልማዳችን ባልየው ወጥቶ ስለ ሟቿ ይቅርታ መጠየቅ ነበረበት። ማስራኒ ወጣ።

«ሳኒያህ የበደለቻችሁ የለም» አለ። «የበደልኳችሁ እኔ ነኝ። አርሻድን የገደለው ይሄ ልጅ አይደለም። ሲሊንደሩ ተቀይሮ አይቼ፣ ሳልለካ፣ ሃያ ስምንት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሱ ያመነው የኔን ጽሑፍ ነው። በሦስተኛው ቀን አውቄአለሁ። ስድስት ዓመት ዝም አልኩ። ስሙን አጠፋሁት፣ እናቱን ነጠቅኩት። ስሙኝ! ያን ቀን እዚሁ ቆማችሁ እንደ ሰማችሁኝ፣ ዛሬም እዚሁ ቆማችሁ ስሙኝ!»

ማስራኒ ወደ ዛፎቹ ዞረ።

«ሂልማን፣ ልጄ… ና ውረድ። እናትህን ተቀበል።»

ሰው ለሁለት ተከፍሎ መንገድ ሰጠው። ሂልማን እጆቹን ከሸሚዙ አወጣ። ሁላችንም አየናቸው። አባትና ልጅ ወደ መቃብሩ ወረዱ፤ እኛ ከላይ ሳኒያህን አቀበልናቸው። በሽታ ጨርሷት ኖሮ እንደ ልጅ ቀልላለች። አባትየው በራስጌዋ ይዟት ሳለ እግሩ አፈሩ ላይ ሸተት ብሎ ሊወድቅ ደረሰ። ያን ጊዜ ሂልማን በአንድ ክንዱ እናቱን፣ በአንዱ አባቱን ደግፎ በለሆሳስ ሲናገር ሰማሁት።

«ቀስ ይበሉ አባ። ቀስ… ቀስ።»

ጉንጯን መሬት አስነክተው አስተኟት።

ከሰባተኛው ቀን ጸሎት በኋላ ማስራኒ እውነቱን አስጽፎ ወደ ኩባንያው ቢሮ ይዞ ሄደ። ወጣቱ ጸሐፊ አክብሮ ወንበር ሰጠው፣ አነበበው፣ መልሶ አጣጥፎ ሰጠው። «አባባ፣ ይሄ ጉዳይ ተዘግቷል። መዝገቡንም ምስጥ በልቶታል» አለው። ለእውነቱ የሚፈርምለት ሰው ጠፋ። እንግዲህ ዕጣ የሚሉት ይህ ይሆን? ውሸቱ በአንድ ቀን ተፈርሞ ያልቃል፤ እውነቱን ግን አንድ ሽማግሌ በየበሩ ይዞት ይዞራል። ለአስር ደቂቃ ሥራ አንድ ልጅ ሄደ፤ ለሁለት ሰዓት እናት ሄደች። የቀረውስ ዕድሜ ምን ሊመልስ?

ከዚያ ወዲህ ማስራኒ ከሰዓት በኋላ ጀልባ ማሰሪያው ላይ እየተቀመጠ ለወጪ ወራጁ ታሪኩን ይናገራል። ከሲሊንደሩ ይጀምራል፣ ሃያ ስምንትን ይጽፋል፣ በሩ ላይ ልጆቹን ያገኛል። ሰዉ ሰልችቶታል፤ አንዳንዱ ከሩቅ ሲያየው በሌላ መንገድ ይዞራል። እኔ ብቻ ስንት ጊዜ እንደ ሰማሁት ቁጥሩን ረስቼዋለሁ። አንድ ቀን ግን አጠገቡ ተቀምጬ ሰማሁት፤ ድመቷ ጋ ሲደርስ እንደ ወትሮው ታሪኩን አቋረጠ። ከቀብሩ ወዲህ አብሮት የቀረው ሂልማን ከሰማያዊው ቤት ወርዶ መጣና ያንን እጁን አባቱ ትከሻ ላይ አሳረፈ።

«ይበቃል አባ። ይግቡ፣ ሾርባው ይቀዘቅዛል።»

ሽማግሌው ተነሣ። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ልጁን፣ «ጭንቅላቱን አስቀምጬልሃለሁ» ሲለው ሰማሁ።